የሞተሩን ኮምፒውተር በገዛ እጅ፦ ሜጋስኩዌርት በሚያታ ላይ

ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ያስተዋወቃት ሚያታ ቀላል፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ናት። መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ገበያ የገባችው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ሆና ነው፤ ኃይሏም 116 የፈረስ ጉልበት ነበር። መሪዋን የወደዱ ብዙ ባለቤቶች ግን ጉልበቷ አነሰባቸውና ቱርቦ ሊገጥሙላት ተነሡ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። የፋብሪካው ኮምፒውተር የሚያውቀው ቱርቦ የሌለውን ሞተር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ እንደ ልቡ ከፍቶ የሚያርመውም አይደለም። የሚገባውን አየር የሚለካው በመተላለፊያው ላይ በተገጠመ፣ አየሩ እየገፋ በሚከፍተው ትንሽ በር ነው። ቱርቦው ብዙ አየር ሲያስገባ በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈትና ከዚያ በላይ የሚመጣውን መለየት ያቅተዋል። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለም ፒስተን ይጎዳል።

አሜሪካውያኑ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ሜጋስኩዌርት ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት መንገድ ከፈተ። የሞተር ኮምፒውተር ነው፤ ግን ተበትኖ ይሸጥ የነበረ። ለገዢው ይደርስ የነበረው ባዶ ቦርድ፣ ሬዚስተሮች፣ ካፓሲተሮች፣ ትራንዚስተሮችና አንድ ባለ 8 ቢት የሞቶሮላ ፕሮሰሰር ነው። እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጦ በካውያና በስታኞ ይበይድ ነበር። የሰርኪዩቱ ንድፍና የፕሮግራሙ ኮድ ለማየት ክፍት ስለነበር የገጣጠመው ሰው ምን እንደሠራ ያውቃል። የመጀመሪያው ዓይነት ነዳጅን ብቻ ይቆጣጠር ነበር፤ የካንዴላውን እሳት እንዲመራም ያስቻሉት ኮዱን ወስደው ያሻሻሉ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ሜጋስኩዌርት የአየር በር አያስፈልገውም። ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ በቀጭን ቱቦ የሚመጣውን ግፊት ቦርዱ ላይ ባለ ሴንሰር ይለካል። ሴንሰሩ እስከ 250 ኪሎፓስካል ያነባል፤ በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 100 ገደማ ስለሆነ ለቱርቦ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ኮምፒውተሩ ከግፊቱ፣ ከአየሩ ሙቀትና ከሞተሩ ፍጥነት ተነሥቶ ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ያሰላል። ጊዜው ጠባብ ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር አንዱን ዙር በ10 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ ኢንጀክተሩ ለመከፈት ብቻ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት ያም በሒሳቡ ይደመራል።

ቦርዱ መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይፈተናል። የሴንሰሮችን ምልክት አስመስላ የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ትሰካለታለች፤ ባለቤቱ ማዞሪያዎቿን እያዞረ ኮምፒውተሩ በትክክል መመለሱን ያያል። ብየዳው የተበላሸ ቦታ ካለ ሞተር ሳይነካ እዚሁ ይገኛል።

ከዚያ ወደ ሽቦው ይገባል። ባለ 1.6 ሊትሯ ሚያታ ላይ የአየር በሩን የሚያነሣ ሰው ሦስት ነገሮችን ማሰብ አለበት። የአየር ሙቀት ሴንሰሩ እዚያው በሩ ቤት ውስጥ ስለነበር አዲስ ይተከላል። የነዳጅ ፓምፑን የሚያስነሣው መገናኛም በበሩ ውስጥ ስለነበር ፓምፑን ከአሁን በኋላ አዲሱ ኮምፒውተር ማዘዝ አለበት። በተጨማሪም በእጅ ማርሽ መኪኖች ላይ ያለው የነዳጅ መስጫ ሴንሰር “ተዘግቷል” ወይም “ሙሉ ተከፍቷል” ብቻ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በመካከል ያለውን ሁሉ የሚናገር ሴንሰር ከሌላ መኪና ተገኝቶ ይተካል።

ሞተሩ እንደ ተነሣ ቤንዚን ከማስተካከል በፊት የካንዴላው እሳት ጊዜ ይረጋገጣል። ፕሮግራሙ እሳቱን 10 ዲግሪ ላይ እንዲያቆም ይታዘዛል፤ በብልጭታ መብራት ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ይታያል። መብራቱና ፕሮግራሙ ካልተስማሙ፣ በኋላ የሚጻፈው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

ትልቁ ሥራ ግን ሰንጠረዡ ነው። በአንድ ጎኑ የሞተር ፍጥነት፣ በሌላው ግፊት ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ሣጥን ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ሲሊንደሩን ምን ያህል በአየር እንደሚሞላ ይናገራል። በመጀመሪያው ሜጋስኩዌርት ሰንጠረዡ 8 በ8 ነበር፤ በሦስተኛው ትውልድ 16 በ16 ሆኗል። ሣጥኖቹን ለመሙላት የጭስ መውጫው ላይ ሰፊ ንባብ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ይገጠማል፤ ረዳት ሰንጠረዡ የሚስተካከልበትን ላፕቶፕ ይዞ ሲቀመጥ ሌላው ይነዳል። በሚኒሞና በቀስታ ጉዞ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ይፈለጋል፤ ቱርቦው ሲገፋ ግን ሞተሩን ከማንኳኳት ለመጠበቅ ቤንዚኑ ይጨመራል፣ እሳቱም ዘግይቶ ይሰጣል። ጠዋት በብርድ ማስነሣት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ ፔዳል በድንገት መርገጥ፦ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማስተካከያ አላቸው።

የሕግ ገደብም አለ። በአሜሪካ የፌዴራል የአየር ንጽሕና ሕግ በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪናን የጭስ መቆጣጠሪያ መነካካት ስለሚከለክል፣ እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሕጋዊ ቦታው የውድድር ሜዳ ነው።

ዛሬ አርዱዊኖ ሜጋ በተባለው ርካሽ ቦርድ ላይ የተመሠረተው ስፒዱዊኖ ያንኑ መንገድ ተከትሏል። ተገጣጥመው የሚሸጡ፣ በፋብሪካው ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰኩ ሣጥኖችም አሉ። እነዚህ ብየዳውንና ሽቦውን ያስቀራሉ፤ ሰንጠረዡን መሙላት ግን አሁንም የባለቤቱ ሥራ ነው።