ስለ ቺያንቲ ነጭ መንገዶችና በቢስክሌት እየዞሩ ያገር ምግብ ስለሚሹ ባልንጀሮች

በኢጣልያ አገር፥ በፊሬንሴና በሲዬና ከተሞች መካከል፥ ቺያንቲ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። ወይንና የወይራ ዛፍ በብዛት ይበቅልበታል። ጋዮሌ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ገና ጎሕ ሳይቀድ ባልንጀሮች ሦስትም አራትም እየሆኑ በቢስክሌት ይነሣሉ፤ መብራታቸውን አብርተው ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚያወጣውን አቀበት ይያያዙታል። እነዚህ ሰዎች ለመቀዳደም የወጡ አይደሉም፤ የሚሹት በየመንደሩ የሚገኘውን ያገሩን ምግብ ነው። በምን መንገድ እንደሚሄዱና በየት ወርደው እንደሚበሉ ማወቅ አገር ለሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ነገሩ ከዚህ ቀጥሎ ይተረካል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቺያንቲ መሬት ለብዙ ዘመን በእኩል ይታረስ ነበር። ባለርስቱ መሬቱንና ቤቱን ይሰጣል፤ አራሹም ከነቤተ ሰቡ ይሠራል፤ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። በ1861 ዓመት ከካቩር ሞት በኋላ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የብሮሊዮ ጌታ ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ ርስቱን በዚሁ ሥርዓት ያሳርስ ነበር፤ የወይኑንም ዓይነት ራሱ ሲመረምር ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ የቺያንቲ ወይን ጠጅ ከምን ከምን ወይን እንደሚደባለቅ በ1872 ዓመት በደብዳቤ ጽፎ ገለጸ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አራሾቹ መሬቱን እየተዉ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈለሱ። በ1964 ዓመት የወጣውም ሕግ አዲስ የእኩል ውል እንዳይደረግ ከለከለ። ብዙ የድንጋይ ቤት ባዶውን ቀረ። ከሲዬና በስተ ደቡብ ባለው የሸክላ አፈር አገር ከሰርዴኛ ደሴት የመጡ እረኞች የተተወውን መሬት ይዘው በጎቻቸውን አሰማሩ፤ ዛሬ መንገደኛው ፔኮሪኖ እያለ የሚያመሰግነው የበግ አይብ በከፊሉ የነዚህ ስደተኞች የእጅ ሥራ ነው።

ለእርሻው ያገለግሉ የነበሩት መንገዶች የኖራ ድንጋይ ጠጠር የተነጠፈባቸው ናቸውና ነጭ መንገዶች ይባላሉ። በኢትዮጵያ ፒስታ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቃሉም የመጣው ከዚያው ከኢጣልያ ነው። ገበሬው ሲሄድ ከመንገዶቹ ከፊሉን ዳዋ ለበሰው፤ ከፊሉም በሬንጅ ተሸፈነ። የጋዮሌ ተወላጅ ጃንካርሎ ብሮቺ የቀሩትን ከጥፋት ለማዳንና የድሮውን የቢስክሌት ጉዞ ለማሳሰብ ብሎ በ1997 ዓመት ሌሮይካ የተባለውን ጉዞ አቆመ። በመጀመሪያው ጊዜ የተገኙት 92 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ በኦክቶበር መባቻ፥ ይኸውም በኢትዮጵያ መስከረም ማለቂያ ገደማ፥ ወይን በሚለቀምበት ወራት፥ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡት በሺሕ ይቈጠራሉ። ቢስክሌቱ ከ1987 ዓመት በፊት የተሠራ ወይም በዚያው አምሳል የተሠራ እንዲሆን ሥርዓቱ ያዛል። ረጅሙ ጉዞ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከዚያች ቀን ሌላም መንገዱ በምልክት ስለ ተመለከተ፥ ባልንጀሮች በፈለጉት ወራት በራሳቸው ጊዜ ይሄዱበታል።

በየጣቢያው የሚቀርብላቸው ምግብ የጌታ ቤት ምግብ አይደለም፤ የእኩል አራሹ ምግብ ነው። ከሁሉ የታወቀው ሪቦሊታ ይባላል፤ ትርጓሜውም ዳግመኛ የፈላ ማለት ነው። አደንጓሬ፥ ቅጠሉ የጠቈረ ጎመን፥ ካሮትና ሽንኩርት በአንድ ድስት ይቀቀላሉ፤ ያደረ ዳቦ ይጨመርበታል፤ በማግስቱም እንደ ገና ይጣዳል፤ ሲቀርብ ጥሬ የወይራ ዘይት ይፈስበታል። የዚያ አገር ዳቦ ጨው የለውም። እንግዳ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ቅር ይለዋል፤ ጨው ያለበትን አይብ አብሮ ሲቀምስ ግን ምክንያቱ ይገባዋል። ዳቦን በቀይ ወይን ጠጅ አርሶ ስኳር ነስንሶ መስጠትም አለ፤ ይህ ድሮ የገበሬ ልጆች መክሰስ ነበር። ለልጅ ወይን ጠጅ መስጠት ግን የሚመሰገን አይደለም። እንስላል የገባበት የአሳማ ቋሊማም ይቀርባል፤ የማይበላው ሰው በአይቡና በዘይቱ ይጠግባል።

በመኪና የሚሄድ ሰው ቺያንቲን በጥቂት ሰዓት አቋርጦ ያልፋል። ቢስክሌተኛ ግን ይርበዋል፤ ይጠማዋል፤ ስለዚህ በትንሹም መንደር ወርዶ ገንዘቡን እዚያው ይተዋል። በ1985 ዓመት የወጣ ሕግ ገበሬው በእርሻው ቤት እንግዳ እንዲያሳድርና የራሱን ምርት እንዲያበላ መንገዱን ከፈተለት፤ ነገር ግን እርሻው ዋና ሥራ ሆኖ እንዲቀር፥ ማስተናገዱም ከርሱ በታች እንዲሆን አዘዘ። ይህ ማሰሪያ ባይኖር ኖሮ እርሻው ለስም ብቻ ቀርቶ ቤቱ ሁሉ የእንግዳ ማደሪያ ለመሆን በቻለ ነበር።

ስም መጠበቅም በዚያ አገር የቈየ ነገር ነው። የቶስካና ታላቅ መስፍን ሣልሳዊ ኮዚሞ በ24 ሴፕቴምበር 1716 ዓመት ባወጣው ዓዋጅ የቺያንቲን ወሰን ለይቶ አስታወቀ፤ ከወሰኑ ውጭ የተጠመቀ ወይን ጠጅ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ነው። በ1924 ዓመት 33 ባለወይኖች በራዳ ተሰብስበው ስሙን የሚጠብቅ ማኅበር አቆሙ፤ ምልክታቸውም ጥቁር አውራ ዶሮ ነው። ሆኖም በ1932 ዓመት መንግሥት ስሙን ለሰፊ አገር ፈቀደው፤ ክላሲኮ የሚለው ቅጽል ብቻ ለመካከለኛው ክፍል ቀረለት። አንድ ጊዜ የሰፋ ስም እንደ ገና አልጠበበም።

የጠጠር መንገድ ያለ ጠባቂ አይኖርም። ዝናብ ይቦረቡረዋል፤ ቦዩ በየዓመቱ ካልተጠረገ ጠጠሩ ወደ ወይኑ ቦታ ይወርዳል። እህልና ከብት በመኪና ለሚጫንበት መንገድ ሬንጅ ይገባዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የትኛው ሬንጅ እንዲለብስ፥ የትኛውም በጠጠሩ እንዲቈይ የሚመረጠው ሬንጁ ከመፍሰሱ በፊት ነው።

ከአሻኖ አልፎ ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ የሚባለው መንገድ ከሁሉ ይከፋል። ብዙው ሰው እዚያ ሲደርስ ወርዶ ቢስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። ባልንጀሮቹ ከዚህ በኋላ በካስቴልኑዎቮ በኩል ወደ ጋዮሌ ሲመለሱ ፊታቸውም ጎማቸውም በነጭ አቧራ ተለውሷል፤ አንዱም ከአራሹ ቤት የገዛውን የዘይት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በጀርባው አዝሏል።