«ገበያው ራሱ አስተምሯታል»

«የመርካቶ ሴት ትምህርት ምን ያደርግላታል? ገበያው ራሱ አስተምሯታል» የሚለው አባባል አብነት ሰፈር አካባቢ እንደ ሙገሳ ነው የሚነገረው። ግማሹ እውነት ነው። ከበርበሬ ተራ እስከ ሸማ ተራ ዋጋ መተመንን፣ ዱቤ ሰጥቶ ማስመለስን፣ የዕቁብ ተራን አስልቶ ዕቃ ማስገባትን ማንም በክፍል ሳያስተምራቸው የተካኑ ሴቶች ሞልተዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው «መደብሩ ላይ የቀረችው ወድዳ ነው፤ ድርጅት መምራት የወንድ ነው» ሲባል ነው። ሱቅን ድርጅት የሚያደርገው ከመሸጥ ችሎታ ይልቅ ብድር፣ ሒሳብና የመፈረም ሥልጣን ነው፤ ፊርማው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከሴቷ እጅ የራቀው በሕግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ፣ የጋራ ሀብትም አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። ይህን የሻረው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሁሉም ክልል እኩል አልደረሰም፤ አዲስ አበባ ግን ቀድሞ ከደረሰባቸው አንዷ ነበረች። አጥኚዎቹ ሜሪ ሃልዋርድ ድሪሜየርና ኡስማን ጋጂጎ አካባቢዎቹን ሲያነጻጽሩ፣ ሕጉ በደረሰበት ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ሙሉ ጊዜና ከፍ ያለ ክህሎት የሚጠይቅ ሥራ የመያዝ ዕድላቸው ጨምሮ አገኙት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሴት ተፈጥሮ ሊለወጥ አይችልም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

«ሴት ለአበዳሪ አታስተማምንም» የሚለውም እንዲሁ ነው። የቤት ካርታው በባል ወይም በአባት ስም ከሆነ መያዣ ከየት ይመጣል? በ11 ሴቶች ጠንሳሽነት ተቋቁሞ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። በ2004 ዓ.ም. የጸደቀው፣ በዓለም ባንክ የተደገፈው የሴት ሥራ ፈጣሪዎች ፕሮጀክትም ብድሩን ሲሰጥ ሴቶቹ በአብዛኛው መክፈላቸውን አይቷል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ለነጋዴ ሴቶች የሚሰጠው የንግድ ሥልጠናስ ይሠራል? እዚህ ላይ ተጠራጣሪዎቹ መደመጥ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት የወጣ፣ በቶጎ ሎሜ በ1,500 ጥቃቅን ነጋዴዎች ላይ የተደረገ ጥናት የተለመደው የሒሳብና የገበያ ሥልጠና ትርፍን በእርግጠኝነት ሊባል በሚችል ደረጃ እንዳላሳደገ፣ ራስን ማነሣሣትና ዕድል መፈለግን ያስተማረው ግን በ30 በመቶ ገደማ እንዳሳደገ ያሳያል። ስለዚህ «ይማሩ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሚማሩ መጠየቅ ይገባል። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ ሴቶችን ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ አብቅቷል፤ ጽሕፈት ጠረጴዛው ግን ወደ ሥራ አስኪያጁ ወንበር መንገድ አልሆነላቸውም። ፍሬሕይወት ታምሩ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮምን መሪነት መረከቧ፣ መሊካ በድሪም ዘምዘም ባንክን መምራቷ በመንገዱ መሄድ እንደሚቻል ይመሰክራል። «ሁለት ሰው ምን ያሳያል?» የሚል ካለ ልክ ነው፤ ሁለት ስም መቁጠራችን ራሱ የቀረውን ርቀት ይናገራል። መቼ እንደሚማሩም መጠየቅ ይገባል፤ ለመርካቶ ነጋዴ የሚታሰበው ኮርስ ሁልጊዜ ቅዳሜ የሚሰጥ ከሆነ፣ በሳምንቱ ሞቅ ባለው የገበያ ቀን መደብሯን ዘግታ እንድትመጣ እየጠየቃት ነው።