ፀሐይና የጅቡቲ ቤቶች

የሰው ልጅ ቤት የሚሠራው ከሚኖርበት አገር አየር ጋር ተስማምቶ ለመኖር ነው። የደጋ ሰው ብርድን ስለሚፈራ ግድግዳውን ያወፍራል፤ መስኮቱን ያጠባል፤ በቤቱም መካከል ምድጃ ያኖራል። የበረሃ ሰው ደግሞ የሚሸሸው ፀሐይን ነው። የአንዱን ቤት ወስዶ በሌላው አገር እንዳለ መትከል ለኗሪው መከራ ያመጣበታል። ይህን በሚገባ ለመረዳት ከጎረቤቶቻችን ከተሞች መካከል ጅቡቲን መመልከት ይጠቅማል።

የጅቡቲ ከተማ በፈረንሳዮች የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በ1897 የምድር ባቡር ሐዲድ ሥራ ከዚያ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከተማይቱ የተመሠረተችው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ መሬት ላይ ሲሆን፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት አየሩ ለኑሮ ይመቻል። በክረምታችን ወራት ግን የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ ብዙ ዝቅ አይልም። ከደጋ ወደዚያ የወረደን ሰው ይበልጥ የሚያስደንቀው ይህ የሌሊቱ ሙቀት ነው፤ በእኛ አገር ቀኑ ምንም ያህል ቢያቃጥል ሲመሽ ጋቢ መፈለግ ልማድ ነውና።

በእንዲህ ያለ ቦታ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የፀሐይን መንገድ ማወቅ አለበት። ጅቡቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ባሉት ሞቃት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ጥቂት ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ቀትር ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትውል፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉትን ግድግዳዎች ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ሊያጠላባቸው ይችላል። በምሥራቅና በምዕራብ ያሉትን ግን ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ ከክፈፉ ሥር ገብታ በቀጥታ ትመታቸዋለች። ስለዚህ ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን፣ ለፀሐይ መውጫና መግቢያ የሚጋለጠው ጠባቡ ጎኑ ብቻ ይሆናል። ከግድግዳዎች ሁሉ ይልቅ ግን ፀሐይን ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ጣሪያው ነው።

ከፀሐይ ቀጥሎ ነፋስ አለ። ነፋስ ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም። በቀዝቃዛው ወራት ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል፣ ለስላሳ ነፋስ ይነፍሳል። በበጋው ሐሩር ደግሞ ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራ የተሸከመ ነፋስ ከምዕራብ ከበረሃው ይመጣል። ይህ ነፋስ ሲነሣ መስኮት መክፈት የምድጃ አፍ እንደ መክፈት ይቆጠራል። እንግዲህ በባሕሩ በኩል ሰፊ፣ በበረሃው በኩል ጠባብና ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ መስኮት ያስፈልጋል ማለት ነው። ችግሩ፣ ጥሩው ነፋስ በሚመጣበት በምሥራቅ በኩል የጠዋት ፀሐይም አብራ መምጣቷ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከግድግዳው ውጭ ጥላ መሥራት ግድ ይሆናል።

የጥንቶቹ የጅቡቲ ግንበኞች ለዚህ ችግር መላ አላጡም። በከተማይቱ ማእከል የሚታዩት አሮጌ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ብዙዎቹ ከባሕር ዳርቻ በሚቆረጥ ኮራል በተባለ ባለቀዳዳ ድንጋይ ተገንብተው በኖራ ነጭ ተለስነዋል። ከፊታቸው በቅስት የተያያዙ ዐምዶች ያሉት ረጅም በረንዳ ይገኛል። መንገደኛው በበረንዳው ሥር ጥላ ለጥላ ይሄዳል፤ ግድግዳውም ፀሐይ ሳያየው ይውላል። መስኮቶቹ በአግድም በተደረደሩ ጣውላዎች የሚዘጉ በመሆናቸው ብርሃኑን ከልክለው ነፋሱን ያሳልፋሉ። በባቡሩ መንገድ ላይ የተቆረቆረችውን ድሬዳዋን የሚያውቅ ተማሪ፣ በከዚራ ሠፈር የዚህን አሠራር ዘመድ አይቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። «ወፍራም ግድግዳ ቤቱን ያቀዘቅዛል» ሲባል ይሰማል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሙቀትን የሚያዘገይ ጎተራ ነው፤ ቀን የተቀበለውን ቀስ ብሎ እያሳለፈ ሲመሽ ወደ ውስጥ ይለቅቀዋል። ሌሊቱ ብርድ በሆነበት አገር ይህ በረከት ነው። ሌሊቱ በማይበርድበት በጅቡቲ ግን፣ ግድግዳው ፀሐይ እየመታው ከዋለ ሙቀቱን ሳይጨርስ ይነጋበታል። ስለዚህ ለጅቡቲ ወፍራም ግድግዳ የሚጠቅመው ከበረንዳው ጥላ ጋር ሲጣመር ነው። የመኝታው ስፍራም ለብቻው መታሰብ ይኖርበታል። በሙቀት አገር ሕዝብ ሲመሽ አልጋውን ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ግቢ የሚያወጣው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደው መፍትሔ አግኝተዋል። የአፋሮቹ ዳቦይታና የሶማሌዎቹ አቃል ከተጎበጡ እንጨቶች ተሠርተው በሰሌን የሚሸፈኑ ክብ ቤቶች ናቸው። የሚሠሩአቸው ሴቶች ሲሆኑ፣ ጓዙ ሲነሣ ፈርሰው በግመል ይጫናሉ። ሰሌኑ ቀጭን ስለሆነ ሙቀት አያጠራቅምም፤ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ቤቱ ከውጭው አየር ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ነፋስ ሲፈለግም በነፋሱ በኩል ያለው ሰሌን ይገለጣል። በእኔ አስተያየት፣ ለዚያ አገር ሌሊት ከእነዚህ የተሻለ መኝታ የሠራ መሐንዲስ ገና አልታየም።

ዛሬ ግን የከተማይቱ ድሃ ቤተሰብ የሚኖረው በኮራል ድንጋይ ቤትም፣ በዳቦይታም አይደለም። በቀድሞዎቹ ባለቁጥር ሠፈሮችና በባልባላ ብዙ ቤተሰቦች ከጣውላና ከቆርቆሮ በተሠራ ጠባብ ቤት ይኖራሉ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን በቀጥታ በሰዎቹ ላይ ያወርዳል። ሕፃናትና አረጋውያን ከሁሉ ይልቅ ይጎዳሉ። ገንዘብ ያገኘ ሰው በብሎኬት ይገነባና ጣሪያውን ጠፍጣፋ ቤቶን ያደርገዋል። ይህ ለዝናብና ለሌባ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት በተኛው ሰው ላይ ሲያወርድ ያድራል። ያን ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ይገዛል። መሣሪያው የአንዱን ክፍል ሙቀት አውጥቶ ወደ መንገዱና ወደ ጎረቤቱ መስኮት ይጥለዋል፤ የመብራቱም ሒሳብ በየወሩ ይመጣል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች፤ በ2023 ደግሞ በጉቤት አካባቢ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመርቋል። ቢሆንም መሣሪያውን ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ ይህ ሁሉ ኃይል ከቤቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት አያወጣለትም።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በታጁራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈጸመ አንድ ሥራ ሌላ መንገድ ያሳያል። ኡርኮ ሳንቼዝ የተባለ ስፔናዊ አርክቴክት ለኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር 15 ቤቶችን ሲነድፍ፣ እንደ ጥንታዊ የዐረብ ከተማ እርስ በርሳቸው አጠጋግቶ ሠራቸው። በመካከላቸው ያሉት መተላለፊያዎች መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ስለሆኑ፣ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ይሆናል፤ ሕፃናቱም ያለ ሥጋት ይጫወቱባቸዋል። ከጣሪያው በላይ ከፍ ያሉ የነፋስ ማማዎች በላይ የሚያልፈውን ነፋስ ይዘው ወደ ክፍሎቹ ያወርዱታል። ይህ ብልኃት አዲስ አይደለም፤ የኢራን ሰዎች በያዝድ ከተማ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

የቆርቆሮ ቤት ያለው ቤተሰብ ማማ ሊሠራ አይችል ይሆናል። ሊያደርገው የሚችለው ግን አለ። ጣሪያውን በኖራ ነጭ ቢቀባው አብዛኛውን የፀሐይ ጨረር ይመልስለታል። ከቆርቆሮው በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ሰሌን ቢዘረጋ፣ ፀሐይን ሰሌኑ ይቀበላል፤ በመካከሉ የሚያልፈውም ነፋስ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ከግድግዳው አናት ሥር ክፍተት ቢተው ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል። በምዕራብ በኩል የኒም ዛፍ ቢተከልና በእጣቢ ውኃ ቢጠጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማታውን ፀሐይ ይጋርዳል። ሰሌኑ ግን ፀሐይ ሲበላው ስለሚሰባበር በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ነፋሱ እንዳይወስደውም በገመድ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል።