መንግሥት በአራተኛ ክፍል፦ የተማሪዎች ምክር ቤታችን እንዴት ይሠራል?



ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችሁን ልትወስዱ ከኦዊኖ ገበያ ስትመጡ፣ ከአራተኛ ክፍል «ሥርዓት! ሥርዓት!» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ «ልጆቹ ምን እየተጫወቱ ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ጥቂት አይደላችሁም። መልሳችን «መንግሥት እየተጫወቱ ነው» የሚል ነበር። ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድና እኛን መምህራኑንም እንዴት እንደፈተነን ልናስረዳችሁ ወደድን።

እኛ ስንማር የክፍል አለቃ የሚመረጠው በመምህሩ ነበር። ሥራውም የረባሾችን ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነበር። ከዚያ የተማርነው ሥልጣን ከላይ እንደሚመጣና የሚያስፈራ እንደሆነ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 12 ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዩጋንዳ በ1990፣ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብለውታል። መብቱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ልምምድ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ደንብ ማውጣት ነው። ልጆቹን «የምታውቁት መንግሥት የትኛው ነው?» ብለን ስንጠይቅ ፓርላማ ይላሉ ብለን ጠብቀን ነበር። አንዷ ግን «እድር!» አለች። እውነቷን ነው። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የሚያረፍድም ይቀጣል። ከዚያ ተነሥተን ወደ ካምፓላ መንደሮች ምክር ቤት ተሻገርን። በ1997ቱ የዩጋንዳ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት የመንደሩ ሥራ አስፈጻሚ 10 አባላት አሉት፤ ምክትል ሊቀ መንበሩም የሕፃናት ደኅንነት ኃላፊ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እኛን የሚመለከት ሰው አለ ማለት ነው?» ብለው ተደነቁ። ከሁለቱም ወስደው ባለ ስድስት አንቀጽ ደንብ አወጡ።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። በሐምሌ 2018 የዩጋንዳ የመንደር ምርጫ የተካሄደው መራጮች ከሚደግፉት ዕጩ ኋላ ተሰልፈው ነበር። እኛም መጀመሪያ ልጆቹን በሰልፍ አስመረጥናቸው። ከ38 ተማሪዎች 24ቱ ከአንዱ ልጅ ኋላ ቆሙ። ቀጥሎ በምስጢር፣ በወረቀት አስመረጥናቸው፤ ያው ልጅ 17 ድምፅ ሲያገኝ ተፎካካሪው 21 አገኘች። ለምን ተለወጠ ብለን ስንጠይቅ አንድ ልጅ «ጓደኛዬ ያየኛል ብዬ ነው» ሲል መለሰ። የምስጢር ድምፅ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገንም። ሰልፉ ደግሞ የራሱ ጥቅም እንዳለው ልጆቹ አልሳቱትም፤ ሁሉም እያየ ስለሚቆጠር ድምፅ ተሰረቀ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው የሥልጣን ዘመን ነው። የትምህርት ዓመቱ ሦስት ተርም ስላለው ሥልጣኑም በየተርሙ ይለዋወጣል። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ እንደሚተላለፍ ስንነግራቸው፣ «ታዲያ የእኛ ሦስት ወር አጭር አይደለም?» ያለው የመጀመሪያው ተርም ምክትል ነበር። ምክር ቤቱ ሳቀ፤ ማራዘሚያ ግን አልሰጠውም።

አራተኛው በጀት ነው። ያለ ገንዘብ ምክር ቤት ወሬ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለተርሙ 60,000 ሽልንግ ሰጠናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ጽፈን «ልክ ነው?» ብለን አከራከርናቸው። ከክርክሩ በኋላ ገንዘብ ያዧ ዘወትር ዓርብ ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ወሰኑ። ኳስ ይገዛ ወይስ ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን የሚለው ክርክር ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጀሪካኑ በሦስት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጀሪካኑ ሳይገዛ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ አለቀበት። እኛም «በኋላ እንተካለን» ብለን ከልጆቹ ገንዘብ 25,000 ሽልንግ አወጣን። ለምክር ቤቱ አልነገርንም። ዓርብ ገንዘብ ያዧ ሒሳቡን ጻፈችና «25,000 ጎድሏል፤ በአንቀጽ 4 መሠረት ያለ ምክር ቤቱ ውሳኔ ገንዘብ አይወጣም» አለች። እኛም እንደ ትልቅ ሰው፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ስለ ጠመኔ ማስረዳት ጀመርን። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «በሕግ አምላክ!» አለ።

ይህ ቃል በአገራችን ጉልበተኛውን ባለበት የሚያቆም ነበር። የተጠራበት ሰው ወደ ዳኛ ሳይቀርብ እርምጃ አይራመድም። ልጁ ከአያቱ ሰምቶት ይሆናል። እኛም ቆምን።

ሁለት መንገድ ነበረን። «ይህ እኮ ጨዋታ ነው» ብለን ማለፍ እንችል ነበር። እንዲያ ብናደርግ ግን ልጆቹ የዓመቱን ትልቅ ትምህርት የሚወስዱት ከዚያች ቃል ነበር፤ ሕግ ለትንንሾች ብቻ ነው ብለው ይወጡ ነበር። ስለዚህ ጥፋታችንን አመንን፤ ገንዘቡን በማግስቱ መለስን። በደንባቸው ለጥፋተኛ የተወሰነውን ቅጣትም ተቀብለን ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ጠረግን። ከባልደረቦቻችን «ሥነ ሥርዓት ይላላል» ብለው የሠጉ ነበሩ። ሥጋታቸውን አንንቅም። ያየነው ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ አርፍዶ የመጣ ልጅ ሳይጨቃጨቅ መጥረጊያ ማንሣቱን ነው።

አንድ ነገር አርመናል። ምክር ቤቱ የማይወስናቸው ጉዳዮች፣ ማለትም ፈተና፣ ክፍያና የልጆች ደኅንነት፣ በሚመጣው ዓመት ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይጻፋሉ። ወሰን ከጠብ በኋላ ሲሰመር ልጅ የተታለለ ይመስለዋል።

ከእናንተ የምንለምነው ቀላል ነው። እሑድ ለገበያ የምታወጡትን ገንዘብ ከልጆቻችሁ ጋር አስሉ፤ ሐሳባቸውን ጠይቁ፤ ካልተቀበላችሁትም ምክንያቱን ንገሯቸው። ጀሪካኑ በአራተኛ ክፍል በር ላይ ቆሟል። ወደ ትምህርት ቤቱ ስትመጡ እጃችሁን ታጠቡበት።