ሲዲፎርን በአንድ ቁጥር አንፍረድበት

ዛሬ ዛሬ በኤች አይ ቪ ክትትል ክፍል ሁሉም የሚጠይቀው ቫይራል ሎዱን፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን ብዛት ነው። ልክ ናቸው፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን መቆጣጠሩን የሚነግረን እሱ ነው። የሲዲፎር መረሳት ግን ያሳዝነኛል።

ሲዲፎር ቲ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በአንዱ ወገን ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ኤች አይ ቪ ወደ ሴሉ የሚገባው እሱ ላይ ተጣብቆ ነው። እነዚህ ሴሎች በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ200 በታች ሲወርዱ ቲቢና ማጅራት ገትር በቀላሉ ያጠቃሉ። መሠረቱ ይኸው ነው።

ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚያዩት ሰዎች ብዙ ናቸው። ዳንግላ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ሲዲፎሬ ከ480 ወደ 400 ወረደ፤ መድኃኒቱ እምቢ አለኝ ማለት ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ» አልኳቸው፤ ቫይራል ሎዳቸው የተገታ ነበር። ሲዲፎር ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ ይላል። እርግዝናም ይቀንሰዋል። ጃዊ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ሠራተኛ በሕመሙ ሰሞን ቢለካ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሲድን መልሶ ይነሣል። ሊታይ የሚገባው ተደጋግሞ ሲለካ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የራሳችንን አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂ ቃጫ ፋብሪካና በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። በዚያው ፕሮጀክት ቫይረሱ የሌለባቸው ጤናማ ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ ሲዲፎራቸው ከሆላንዳውያን ያነሰ ሆነ። ገና ምንም ያልገጠማቸው አዲስ ቲ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ ኤችኤልኤ-ዲአር እና ሲዲ38 የተባሉ የመነቃቃት ምልክቶችን የተሸከሙት ደግሞ በርካታ። ጨቅሎቻችን ሲወለዱ ግን አዲስ ሴሎቻቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የዘር ሳይሆን የኑሮ ነው፤ የሆድ ትል፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይም የሆድ ትሉ ሲታከም የሴሎቹ መነቃቃት እየበረደ መሄዱ ታይቷል። በባዶ እግር ለሚሄድ የአዊ ገበሬ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

መነቃቃቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በሎስ አንጀለስ ጃኒስ ጆርጂና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው በጠናባቸው ሰዎች ላይ የሴሎቹ መነቃቃት የመኖር ዕድሜን ከቫይረሱ ብዛት ይበልጥ አመልክቷል። ሁልጊዜ የነቃ ሴል ቶሎ ያልቃል፤ ለቫይረሱም ምቹ መራቢያ ነው። ሲዲ38 በየጤና ጣቢያው የሚለካ አይደለም፤ ሲዲፎርን ስናነብ ግን ከጀርባው እሱ እንዳለ ማሰብ ይገባናል።

በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሲዲፎር ደጅ ጠባቂ ነበር፤ ቁጥሩ ያልወረደለት ሰው በአብዛኛው መድኃኒት አይጀምርም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን ከ200 ወደ 350፣ ወደ 500 ከፍ እያደረገ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ጨርሶ አነሣው። ደግ ሆነ። ነገር ግን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብለው ምርመራውን የተዉ ባለሙያዎች ተሳስተዋል። ቁጥሩ ሲያድግ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ደግሞ የባሰ ይሳሳታል። ስማርት የተባለው ጥናት ይህንኑ በ5472 ሰዎች ፈትሾ ነበር፤ ሲዲፎራቸውን እያዩ ያቋረጡት ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ በብዛት ታመሙ፣ ሞቱም፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ እንዲቆም ተደረገ።

እንጅባራም ሁኑ ዳንግላ፣ መድኃኒት ስትጀምሩ ወይም አቋርጣችሁ ስትመለሱ ሲዲፎራችሁ እንዲለካ ጠይቁ። ከ200 በታች ከሆነም የቲቢና ማጅራት ገትር የሚያመጣው የክሪፕቶኮከስ ምርመራ ሳይደረግላችሁ፣ ኢንፌክሽን መከላከያው ኮትሪሞክሳዞልም ሳይታዘዝላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።