ለእንፋሎት ጋን ስለሚቀርበው ውኃና ስለ ዝገት

በፋብሪካ ወይም በኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ ስላለው የእንፋሎት ጋን፣ በተለምዶ ቦይለር ስለሚባለው፣ ወሬ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው እሳቱን ነው። ነገር ግን የጋኑን ዕድሜ የሚወስነው ከእሳቱ ይልቅ ውኃው ነው፤ እሳቱም ብረቱን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ውኃው መንገድ ከከፈተለት በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውኃ ከምንጩ ተነሥቶ ጋኑ እስኪገባ፣ ከዚያም እንፋሎት ሆኖ ሠርቶ እስኪመለስ ድረስ በብረት ላይ ምን እንደሚያደርስ ማስረዳት ነው።

ምሳሌዎቹን የማመጣው ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ነው። አንባቢው በዚያ በኩል በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ የት አለ ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከግድብ የሚገኝ ሲሆን፣ ውኃ አፍልተው ተርባይን የሚያዞሩት እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉት የስኳር ፋብሪካዎች፣ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው የረጲ የቆሻሻ ማመንጫና ጥቂት ሌሎች ናቸው። ሆኖም የእንፋሎት ጋን ለኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። ጨርቅ የሚነክር፣ ቢራ የሚጠምቅ፣ የሆስፒታል መሣሪያ የሚቀቅል ሁሉ እንፋሎት ይፈልጋል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ ካገኘች ቆይታለች፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ፋብሪካ ወደ ሰሜን በመጣ ቁጥር የሚጠጣው የዚያኑ አገር ውኃ ስለሆነ፣ ውኃውን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ከቆቦ እስከ ጊራና ያለው ሸለቆ ዙሪያውን ባለው ተራራ የከበበው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው ነው። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲሰርግ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከውስጡም ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሲሊካ አሟሙቶ ይወስዳል። እንዲህ ያለው ውኃ ለጠጪው ጤናማና ጣፋጭ ሊሆን ይችላል። የሻይ ቤት ማንቆርቆሪያ ግን ምስጢሩን ያወጣል፤ ጥቂት ወራት የፈላበት ማንቆርቆሪያ በውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበቅላል።

ቅርፊቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራችን በጠራ የኖራ ውኃ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እንድንተነፍስ ያደርጉን ነበር። ውኃው ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል፤ ይህ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ሳይታክት መንፋቱን የቀጠለ ግን ነጩ ጠፍቶ ውኃው እንደገና ሲጠራ ያያል፤ ምክንያቱም ትርፉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦኔቱን ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ለውጦታል። ይህን የጠራ ውኃ ቢያፈሉት ጋዙ ወጥቶ ይሄዳል፣ ነጩም ይመለሳል። የመርሳ ማንቆርቆሪያም የኮምቦልቻ ቦይለርም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቦይለሩ በቀን ብዙ ሺህ ሊትር ማፍላቱ ነው።

ማንቆርቆሪያ ላይ ቅርፊት ቢበቅል ጉዳቱ ማገዶ ነው። በቦይለር ቱቦ ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። ካልሲየም ካርቦኔት ሙቀት የማስተላለፍ ኃይሉ ከብረት ከ20 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእሳቱ በኩል ያለው ብረት ሙቀቱን ለውኃው ማድረስ ሲያቅተው ራሱ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ይለሰልሳል፣ የውስጡ ግፊት ያሳብጠዋል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ሲሊካ ያለበት ቅርፊት ደግሞ ቀጭን ሆኖ ሳለ ከዚህ የባሰ ሙቀት ይከለክላል፤ በሎሚም በአሲድም እሺ አይልም። ሎሚ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማንቆርቆሪያን በሎሚ ጭማቂ የሚያጥቡ እናቶች የሚሠሩትና በፋብሪካ ቦይለርን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚያጥቡት ሰዎች የሚሠሩት ኬሚስትሪው አንድ ነው። አሲዱ ግን ቅርፊቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ብረቱ ስለሚዞር፣ ብረቱን የሚከላከል መድኃኒት ሳይጨመርበት አይሠራበትም።

የተለመደው መፍትሔ ውኃውን አስቀድሞ ማለስለስ ነው። ውኃው በጥቃቅን የሬዚን ፍሬዎች መካከል ሲያልፍ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ እዚያ ይቀራሉ፤ በምትካቸው ሶዲየም ይወጣል። ፍሬዎቹ ሲጠግቡ በጨው ውኃ ታጥበው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ የሚፈለገውም ተራ የምግብ ጨው ነው። ከአፋር ጨው በአህያና በግመል ሲወርድበት ለኖረ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ይረሳል። የለሰለሰው ውኃ ካልሲየሙን ቢያጣም ባይካርቦኔቱን አላጣም፤ ሲሊካውንም አላጣም። የነዚህን ነገር ከጥቂት አንቀጽ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጠላት ኦክሲጂን ነው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጂን ይይዛል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ቢሆንም በጋለ ቦይለር ውስጥ ኦክሲጂን ብረቱን እኩል አይበላም። አንድ ቦታ መርጦ ይቆፍራል። ሰፊውን ቱቦ ሳይነካ በመርፌ የተወጋ ያህል ቀዳዳ ቢያወጣ ቱቦው በሙሉ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ የምግብ ውኃ (ወደ ጋኑ የሚገባው ውኃ በሞያው እንዲህ ይባላል) ከመግባቱ በፊት ይሞቃል፤ ጋዝ በሙቅ ውኃ ውስጥ መቆየት አይችልምና። በእንፋሎት የሚሠራ ጥሩ የጋዝ ማውጫ ኦክሲጂኑን በሊትር ወደ 0.007 ሚሊግራም ያወርደዋል። የቀረውን ሶዲየም ሰልፋይት ይበላዋል፤ ለ1 ሚሊግራም ኦክሲጂን 8 ሚሊግራም ያህል ሰልፋይት ይፈለጋል።

የጋዝ ማውጫ መግዛት ያልቻለ ትንሽ ፋብሪካ በክፍት ጋን ውኃውን ያሞቃል። በዚህ ጉዳይ የአገራችን ከፍታ አንድ ነገር ይሰጣል፣ አንድ ነገር ይነሣል። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ወልድያ ውኃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው፤ ዝቅ በምትለው መርሳ ወደ 95 ዲግሪ ይጠጋል። አየሩ ስስ በመሆኑ የወልድያ ቀዝቃዛ ውኃ ገና ከመነሻው የሚይዘው ኦክሲጂን ከባሕር ዳሩ በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ 85 ዲግሪ ቢሞቅም የሚቀርበት ከባሕር ዳሩ ግማሽ ያህል ነው። ይህ የሚሰጠው ነው።

የሚነሣው ከፓምፑ በኩል ነው። ፓምፕ ሙቅ ውኃ ሲስብ፣ በመሳቢያው በኩል ያለው ግፊት ከወረደ ውኃው እዚያው ፓምፑ ውስጥ ይፈላል፤ የፈላውም አረፋ ሲፈነዳ የፓምፑን መዘውር እንደ ነቀዝ ይበላዋል። 90 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ ከመፍላቱ በፊት ከ3 ሜትር የሚበልጥ የውኃ ቁመት ትርፍ ግፊት አለው። በወልድያ ያው ውኃ ያለው ትርፍ 1 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈውን የመትከያ መመሪያ ይዞ ጋኑን በዚያው ቁመት ያቆመ ሰው፣ ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ሲያሰማ ጥፋቱን በፓምፑ ሻጭ ላይ ማላከክ የለበትም። ጋኑን ሁለት ሜትር ከፍ ማድረግ ነበረበት።

ወደ ባይካርቦኔቱ እንመለስ። በለሰለሰው ውኃ ውስጥ የቀረው ባይካርቦኔት በቦይለሩ ሙቀት ይበተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ እንፋሎቱ ጨርቁን አድርቆ ወይም ማሰሮውን አሙቆ ወደ ውኃ ሲመለስ ጋዙ ይሟሟበታል፣ ካርቦኒክ አሲድም ይሆናል። ስለዚህ የመመለሻው ቧንቧ ከታች በኩል ቦይ እንደወጣለት ማሳ ተቦርቡሮ ይገኛል። ሰዎች በቦይለሩ ላይ ዝገት ፈልገው ሲያጡ ደስ ይላቸዋል፤ ዝገቱ ግን በሌላው የቤቱ ጫፍ እየሠራ ነው። ከዚያ የታጠበው ብረትም ከሚመለሰው ውኃ ጋር ተጉዞ በቦይለሩ ቱቦ ላይ ይጋገራል። ሲሊካው ደግሞ በዝቅተኛ ግፊት ቢታገሥም፣ ከፍተኛ ግፊት ባለው ማመንጫ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ በተርባይኑ ምላስ ላይ እንደ መስታወት ይለጠፋል። የባዛልት ውኃ ያለው አገር ይህን ማሰብ አለበት።

የተጣራ ውኃ ብቻውን ደግሞ ሁሉን አይፈታም። በትላልቅ ማመንጫዎች ውኃው እጅግ ንጹሕ፣ ኦክሲጂኑም ተሟጦ የወጣ ነው። በብረት ላይ ያለው ጥቁር መከላከያ ሽፋን፣ ማግኔታይት፣ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ሲሆንና ውኃው በኃይል ሲታጠፍ ይሟሟል። ሽፋኑ ይሟሟል፣ ብረቱ አዲስ ሽፋን ይሠራል፣ ያም ይሟሟል፤ ግድግዳው በዚህ ሁኔታ ይሳሳል። በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1986) በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሰሪ የኑክሌር ማመንጫ የምግብ ውኃ ቧንቧ ጎሚቶው ላይ ተቀድዶ አራት ሠራተኞች ሞቱ። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2004) በጃፓን በሚሃማ እንዲሁ ሆነ፤ 10 ሚሊሜትር የነበረው ግድግዳ ሳስቶ 1.4 ሚሊሜትር ደርሶ ነበር፣ አምስት ሰዎችም ሞቱ። ያ የቧንቧ ክፍል ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ከጀመረ ጀምሮ አልተለካም ነበር። በብረቱ ውስጥ 1 በመቶ ያህል ክሮሚየም ብቻ ቢኖር ይህን መሳሳት በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የቆመ ቦይለር ከሚሠራው ይልቅ ይዝጋል። ይህ ለሰሜን ወሎ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ሆና መብራትም ሥራም ተቋርጦባት ነበር፤ ኮምቦልቻም ለጥቂት ሳምንታት በዚያው እጣ ውስጥ ገባች። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም ሳያስብበት እሳቱ የጠፋ፣ ውኃው በግማሽ የቀረበት ጋን አየር ይስባል፤ ውኃው ከአየሩ በሚገናኝበት መስመር ላይም ዝገቱ ይጀምራል። ጥይት ያልነካው መሣሪያ በዚህ ሊበላሽ ይችላል።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። ጋኑ ለጥቂት ሳምንት የሚቆም ከሆነ አልካላይና ሰልፋይት የበዛበት ውኃ እስከ አፉ ይሞላል፤ ለአየር ምንም ቦታ አይተውለትም። ለብዙ ወር የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ሠራተኞቹ መቼ እንደሚመለሱ ካልታወቀ፣ ገና ትኩስ ሳለ ውኃው ይለቀቃል፣ ውስጡ በራሱ ሙቀት እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ውኃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ በትሪ ተደርጎ ይገባል፤ ከዚያም ቫልቮቹ ሁሉ ይዘጋሉ። ኖራው እርጥበቱን እየጠጣ ሲያብጥና ዱቄት ሲሆን ይለወጣል። ትሪው ከግማሹ በላይ አይሞላም፤ ያበጠው ኖራ ሞልቶ በብረቱ ላይ ይፈስሳልና።