መብራቱን ሳይሆን ጎማውን እዩ

«ወንድሜ፣ ይችን መብራት አጥፋልኝ።»

ቡሬ ላይ፣ የነቀምት መንገድ ከባሕር ዳሩ በሚገነጠልበት ከተማ ጎሚስታ ለሆንን ሰዎች ይህ አዲስ ጥያቄ ነው። ድሮ ደንበኛ «ፈነዳብኝ» ወይም «ተነፈሰብኝ» ብሎ ነበር የሚመጣው። አሁን ጎማው ለዓይን ደህና መስሎ ሳለ ዳሽቦርዱ ላይ መሃሉ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ የጎማ ምልክት ይበራል።

ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው። በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች እየተላጡ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ፣ አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ይህ መብራት በአዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ። አውሮፓና ቻይናም ተከተሉ። እኛ ዘንድ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ሲበዛ መብራቱም አብሮ በዛ።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቸርኬው ላይ፣ ከቫልቩ ሥር፣ ባትሪ ያለው ትንሽ ሴንሰር ይዞ ነፋሱን ራሱን ይለካል። ሁለተኛው የጎማውን አዟዟር ይቆጥራል፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ዙሪያው ስለሚያጥር ከሌሎቹ ፈጥኖ ይዞራል። ይህኛው ነፋስ ከተሞላ በኋላ ከመኪናው ሜኑ ላይ እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለዚያ መብራቱ አይጠፋም።

አንድ የፍኖተ ሰላም መምህር «ጠዋት ይበራል፣ ማንኩሳ ስደርስ ይጠፋል፤ ሴንሰሩ ነው የተበላሸው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጎማውን ልየው» ብዬ ፈትቼ በርሜል ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ከቫልቩ ሥር እንደ ክር የቀጠነ አረፋ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማ ነፋስ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። እየተነፈሰ ያለ ጎማ በኅዳር ብርድ ከገደቡ በታች ይወርዳል፣ ሲነዳ ደግሞ ሞቆ ይመለሳል። መብራቱ ትክክል ነበር።

በአሜሪካው ደንብ መብራቱ የሚበራው ነፋሱ ከታዘዘው ሩብ ያህል ሲጎድል ነው፤ 32 የታዘዘለት ጎማ 24 ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ሲበራ ፍጥነት ቀንሱ፣ መሪ በኃይል አትጠምዝዙ፣ ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ከመንገድ ውጡና አራቱንም ጎማ ዞራችሁ እዩ። የተኛ ጎማ ካለ ስኮርታ ቀይሩ። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና ስኮርታ ስለሌለው ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ከመኪናው ኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይያዝ። ምልክቱ ሞተር ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ ከቀረ ግን ችግሩ የመቆጣጠሪያው ነው፤ ብዙ ጊዜም የሴንሰሩ ባትሪ አልቋል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው።

የሚሞላው ልክ የተጻፈው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ልክ እንጂ የእናንተ መኪና ልክ አይደለም። በሩ ላይ ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር ካለ፣ በርበሬ ወይም በቆሎ በጆንያ ስትጭኑ እሱን ተከተሉ። ልኬቱ ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ከተቻለ ማለዳ ይሁን። ከዓባይ በረሃ ወጥተው ደጀን ላይ የጋለ ጎማ ለክተው «በዛ» ብለው የሚያስተነፍሱ ሹፌሮች ሲቀዘቅዝ ያነሰ ጎማ ይዘው ይነዳሉ።

ለእኛ ለጎሚስታዎችም አንድ ነገር ንገሩን። ጎማው ከቸርኬው ከመላቀቁ በፊት «ሴንሰር አለው» በሉ። የመፈንቀያው ብረት ቫልቩ አጠገብ ከገባ ሴንሰሩን ይሰብረዋል፤ ምትኩ ደግሞ በየከተማው አይገኝም። መብራቱን እንዲሸፍንላችሁ ወይም እንዲቆርጥላችሁ ግን ማንንም አትጠይቁ።